ስምንት ከአርባ

ውኃ ለኪው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ባልተለወጠ የእጅ ጽሑፉ መዝገቡ ላይ እንዲህ ሲል አስፍሯል፦ «ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፦ ስምንት ሜትር ከአርባ። ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፦ ስምንት ሜትር ከአርባ። ረቡዕ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፦ ስምንት ሜትር ከአርባ። ዝናብ አለ። ሐይቁ ረግቷል።»

ሚስቱ ደግሞ በስልክ እንዲህ ብላለች፦ «ሰኞ አጥሬ ሥር ነበር። ማክሰኞ የልብስ ማስጫው እንጨት ጋ ደረሰ። ረቡዕ የዶሮዎቹን ቤት አለፈ። እየመጣ ነው እኮ! ለማን ልንገር?»

ሁለቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ሐይቅ ነው። እሱ ግድቡ ጫፍ ላይ ካለችው የመለኪያ ክፍል ሆኖ፣ እሷ ከማዶ፣ ውኃው ዳር አብረው ከሠሩት ቤት ሆና። መንገዱ ሐይቁን ዞሮ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ ባልየው በዝናብ ወራት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ትራስ የተጋሩ ባልና ሚስት በአንድ ሐይቅ መስማማት አቅቷቸው፣ ከሰኞ ጀምሮ በቀጥታ መነጋገርም ትተዋል። የሚነጋገሩት በአማቻቸው በኩል ነው። አማቻቸው ደግሞ፣ ዕድል ሲጥለው፣ የግድቡ የበር ኃላፊ ነበር።

የበር ኃላፊ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሐይቁ ሲጎድል በር መዝጋት፣ ሲሞላ መክፈት። ሲሠራ ግን ቀድመህ ከከፈትክ «የበጋውን ውኃ ደፋው»፣ ዘግይተህ ከከፈትክ «ጎርፍ አመጣብን» የምትባልበት፣ በመሃሉ ምስጋና የሌለበት ሥራ ነው። ግድቡ አራት በሮች አሉት። ሦስቱ ላይ ናቸው፤ ከሐይቁ ገጽ ንጹሑን ውኃ ያሳልፋሉ። አራተኛው ታች፣ ከሐይቁ ወለል አጠገብ ነው። ሠራተኛው እሱን በስሙ አይጠራውም፤ «ያኛው» ነው የሚለው፣ እንደ ክፉ ዘመድ።

ምክንያት አለው። ሐይቁ ሥር ከሠላሳ ዓመት በላይ የተከማቸ ጥቁር ደለል ተኝቷል። ከላይ ያለው ከተማ ፍሳሽ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው ዝቃጭ፣ ዝናብ ጠርጎ ያመጣው ቆሻሻ ሁሉ ማረፊያው እዚያ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት «ይሠራ እንደሆነ እንየው» ተብሎ ያኛው ለሃያ ደቂቃ ተከፍቶ ነበር። ወንዙ እንደ ጥላሸት ጠቆረ፤ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፤ ከግድቡ በታች ያለው ከተማ አሥራ አንድ ቀን ያለ ቧንቧ ውኃ ሰነበተ። ሳይሰሙ የጠጡ ሰዎች የሆስፒታሉን ኮሪደር ሞልተውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያኛውን የነካ የለም።

ደንቡ ግልጽ ነው። መለኪያ ሰሌዳው ዘጠኝ ሜትር ሲል ሦስቱም የላይ በሮች ሙሉ ለሙሉ ይከፈታሉ። ሰኞ ዕለት ዝናቡ ሲጠነክር ኃላፊው ለጥንቃቄ ብሎ የመጀመሪያውን በር ሁለት ስንዝር አስከፈተ፤ ሰሌዳውም ስምንት ከአርባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማክሰኞም ያው፣ ረቡዕም ያው። የሚገባውና የሚወጣው ውኃ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ያህል ሆነ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አለቃው ደውሎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሐይቁን እንደ ሕፃን እሽሩሩ ብለህ አስተኛኸው እኮ!» ሲለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ኩራት ብሎት ነበር። ማታ ለሚስቱም ነግሯታል።

የአማቱን ስልክ ግን ሠራተኛው በሳቅ ነበር የሚቀበለው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች። በሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሞተረኛ «ሳይረን» የሚል ስም አውጥቶላታል። ከሁለት ዓመት በፊት «ውኃ ቤቴ ገባ» ብላ ጮኻ በር አስከፍታ፣ በኋላ ሲጣራ የጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ኖሯል። ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ ገና አላለቀም። ዘንድሮ ከእሷ ሌላ ሐይቁ ዳር በተደረደሩት ቤቶች፣ በታችኛው ረድፍ፣ የሚኖሩት ሰዎችም ለማዘጋጃ ቤቱ አመልክተው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ግድቡን ጠየቀ፤ ግድቡ «ስምንት ከአርባ» አለ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ተመልሶ «የዝናብ ውኃ ነው፣ ቦያችሁን ጥረጉ» አላቸው። ሰዎቹም አካፋቸውን ይዘው ቦይ ሲጠርጉ ዋሉ።

ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የበር መቆጣጠሪያው ክፍል ስልክ ጮኸ።

«ሳይረኗ ናት፤» አለ ሞተረኛው የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ። «ዛሬ ደግሞ መርከብ አየሁ ትልሃለች።»

ኃላፊው ስልኩን አነሣ። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?»

«ቆሜ! ቆሜ ነው ያደርኩት፣ ልጄ። ውኃው መጸዳጃ ቤቱን አልፎ መጣ።»

«እማማ፣ አባባ አሁን ጠዋት አይተውታል። ስምንት ከአርባ ነው። ከሰኞ ወዲህ አልተነቃነቀም።»

«እኔ ደግሞ ለካሁት! የመስፊያ ሜትሬን አጥሩ እንጨት ላይ በሚስማር መትቼ። ሰኞ ጠዋት ዜሮው ውኃውን ነክቶ ነበር የሰቀልኩት። ባሌ አጠገብህ ነው?»

አጠገቡ ነበር። ውኃ ለኪው የጠዋቱን መዝገብ ሊያስፈርም መጥቶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱን ሳያዞር፣ «ልብስ ሰፊ ውኃ አይለካም በላት፤» አለ።

«ሰምቼዋለሁ!» አለች ከወዲያ። «በለው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሱሪውን እየለካሁ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አጠረኝ ብሎ ያውቃል?»

ሞተረኛው ሻዩ ትን አለው። ውኃ ለኪው እንኳ ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነች ነገር ብልጭ ብላ ጠፋች። ኃላፊው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እማማ፣ የዝናብ ውኃ ተጠራቅሞ እንዳይሆን...» ሲል አቋረጠችው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ተምረሃል። ግቢዬ ውስጥ ዓሣ አለ። አሁን፣ እያወራሁህ፣ የዶሮዎቹ መመገቢያ ውስጥ ገብቶ እየተንፈራገጠ ነው። የዝናብ ውኃ ዓሣ ይወልዳል?»

ሞተረኛው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ኃላፊው ነገር ቶሎ የማይፈርድ፣ የሁለቱንም ወገን ሳይሰማ የማይነሣ ሰው ነበር። ትዳሩ ውስጥም መሥሪያ ቤቱም ውስጥ «አንተ እኮ ዳኛ መሆን ነበረብህ» ይሉታል። ሦስት ቀን ሙሉ የአንዷን ወገን በትክክል እንዳልሰማ ያን ጊዜ ገባው። ሰምቶ ነበር፤ የሰማው ግን እንደ ቀልድ ነበር።

«እማማ፣ መልሼ እደውላለሁ፤» አለና ካፖርቱን አነሣ። «አባባ፣ ሰሌዳውን በቅርብ ልየው።»

ውኃ ለኪው ቀስ ብሎ ተነሣ። ኮፍያውን አደረገ፤ አስተካከለ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት፤» አለ። «በዓሣ ወሬ።» ሌላ አልተናገረም፤ ግን ተከተለው።

መለኪያ ሰሌዳው ያለው ከግድቡ ግንብ በወጣች ጠባብ የብረት መሸጋገሪያ ሥር ነው። ከግንቡ ጋር የተጣበቀ የብረት ቦይ አለ፤ ሰሌዳው እዚያ ቦይ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ይገባል፤ የላይኛው ጫፉ መሸጋገሪያው ሥር ይደበቃል። ወደ ታች የሚወርደው መሰላል ማዳለጥ ከጀመረ ወዲህ ውኃ ለኪው የሚያነበው ከክፍሉ መስኮት ሆኖ፣ በሩቅ ማሳያ መነጽር ነው። ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው፤ በዚያ የሚያማው አልነበረም።

ዝናቡ ቀጥኗል። ኃላፊው መሰላሉን ወደ ኋላ ዞሮ ወረደ። የመጨረሻው እርከን ውኃ ውስጥ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት እርከኑ ደረቅ እንደነበር ትዝ ያለው መሰለው፤ እርግጠኛ ግን አልሆነም። ሰሌዳው ፊቱ ቆሟል፤ አዲስ፣ ነጭ፣ ቁጥሮቹ ጥቁርና ቀይ። ውኃው ልክ አርባዋን መስመር ይልሳል።

«ምን ይላል?» አለ ውኃ ለኪው ከላይ።

«ስምንት ከአርባ።»

«እህ።» በዚያች «እህ» ውስጥ ሙሉ ክስና ሙሉ ፍርድ ነበረባት።

ኃላፊው ተነፈሰ። ሲተነፍስ ሳለ የግራ እግሩ አዳለጠው፤ እንዳይወድቅ እጁን ዘርግቶ ያገኘውን ያዘ። ያገኘው ሰሌዳውን ነበር።

ሰሌዳው ወደ ታች ሄደ።

እጁ ሥር፣ ያለ ድምፅ፣ ስምንት ከሃምሳ ውኃው ውስጥ ገባ። ስምንት ከስልሳ ገባ። ስምንት ከሰማንያ። ኃላፊው እጁን አነሣ። ሰሌዳው ወደ ላይ መጣ፤ ሰማንያው ወጣ፣ ስልሳው ወጣ፣ ሃምሳው ወጣ፤ ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ አርባ ላይ ረጋ።

ክው ብሎ ቀረ። እንደገና ሊነካው አልደፈረም። አንድ ሰው ሬሳ ነው ብሎ የነካው እጅ ሲጨብጠው የሚሰማው ስሜት ሳይሆን አይቀርም የተሰማው፤ ከጣቱ ጫፍ እስከ ማጅራቱ ውርር አለው። የማይንቀሳቀስ ነገር ተንቀሳቅሶ ነበር። ግድቡ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማይንቀሳቀሰው ነገር።

«ምን አደረግከው?» ሲል ጮኸ ውኃ ለኪው።

«ምንም። ነካሁት። አባባ... ይንሳፈፋል።»

«ምኑ?»

«ሰሌዳው። ውኃው ላይ ነው የተንሳፈፈው። ውኃው ሲጨምር አብሮት ይወጣል።»

አዛውንቱ መሰላሉን ሲወርድ አልከለከለውም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዝናብ፣ ሁለት እጁን ብረቱ ላይ አጣብቆ ወረደ፤ አማቹ አጠገብ ደረሰ፤ መዳፉን ሰሌዳው ላይ አሳርፎ ተጫነ። ወረደ። ለቀቀው። ወጣ። ሁለተኛ ተጫነው፤ ወረደ፤ ለቀቀው፤ ወጣ። በሦስተኛው ጊዜ እጁን አላነሣም። ክንዱ እስከ ክርኑ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ሰሌዳውን ወደ ታች እንደያዘ ቆመ፤ ካልለቀቀው ሰሌዳው ዳግመኛ የማይዋሽ ይመስል።

«አባባ፣ ይልቀቁት።»

«ብረቱ ከባድ ነበር፤» አለ ውኃ ለኪው። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «የድሮው። ሁለት ሰው ነበር የሚያነሣው። ቦዩ ውስጥ ትለቀዋለህ፣ ዱብ ብሎ ይቀመጣል። ብሎን ምን ያደርግለታል? በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድም ብሎን አልነበረውም።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ... በአንድ እጄ ነው ተሸክሜ ያመጣሁት። ከእሱ ጋር አራት ብሎን በላስቲክ ተጠቅልሎ መጥቶ ነበር። ትርፍ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የድሮው የብረት ሰሌዳ ዝጎ ቁጥሩ አልነበብ ሲል ከአንድ ወር በፊት አዲስ ተላከ፤ ፕላስቲክ፣ ውስጡ እንደ አረፋ፣ ቀላል። ውኃ ለኪው እንደ ወትሮው ቦዩ ውስጥ ለቀቀው። ውኃው ዝቅ ብሎ ሳለ ሰሌዳው በክብደቱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በትክክል አነበበ። ሰኞ ጠዋት ውኃው ስምንት ከአርባ ሲደርስ ግን ማንም ሳያይ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ አንድ ሴንቲ ሲጨምር እሱም አንድ ሴንቲ እየወጣ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ቁጥር ብቻ ሲያሳይ ሰነበተ።

የኃላፊው ራስ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚዞረው። አንድ ቅጽ። «አዲሱ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ጽኑነቱ በአካል ተረጋግጧል» የሚል። ጠረጴዛው ላይ ሆኖ፣ «አባባ፣ ተከሉት?» ብሎ ጠይቆ፣ «ተከልኩት» ሲባል «ጎሽ» ብሎ ነበር የፈረመው። መሰላሉን አልወረደም። እንደ ሕፃን ያስተኛው ሐይቅ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ ኖሯል።

እንዴት መሰላሉን እንደወጡ፣ እንዴት እንደሮጡ አያስታውስም። ክፍሉ ሲደርስ እጁ የስልኩን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳተ።

«እማማ፣ ሜትሩ ስንት ይላል?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አሁን ነው። እባክዎ።»

ውኃው ሲንቦጫረቅ፣ የሆነ በር ሲንሲጠጥ ተሰማ። ከዚያ፦ «ዘጠና ሁለት። ዘጠና ሁለት ከትንሽ። የቤቱ ወለል ሊደርስ አንድ ስንዝር ከምናምን ነው የቀረው፤ ሃያ ስምንት ሴንቲ።»

ሰኞ ጠዋት የሜትሩ ዜሮና የሰሌዳው ስምንት ከአርባ እኩል ነበሩ። ኃላፊው ወረቀት ላይ ደመረው፤ መደመር የማያስፈልገው ነበር፣ ግን ደመረው። ዘጠኝ ሜትር ከሠላሳ ሁለት። ሦስቱ በሮች ሙሉ ለሙሉ መከፈት የነበረባቸው ዘጠኝ ላይ፣ ምናልባት ትናንት ገና በጠዋቱ ነው።

«ሳይረኑን አሰማ፤ እውነተኛውን፤» አለ ለሞተረኛው። «ከዚያ ሦስቱንም፣ እስከ መጨረሻው።»

ሞተረኛው የዘወትር ቀልዱን አልቀለደም። አዝራሩን ተጫነ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሸለቆውን ሞላው፤ ቀጥሎ ሦስቱ በሮች ተራ በተራ ሲነሡ የክፍሉ ወለል እግራቸው ሥር ተርገፈገፈ። ውኃ ለኪው ጥግ ላይ ቆሞ፣ ከእጅጌው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ መዝገቡን ይዞ ነበር። ከፍቶ አላየውም። ብቻ ይዞታል።

ኃላፊው ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። አለቃው ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ እመሃል ላይ ተሰበረ።

«እኛ ጋ እኮ ስምንት ከአርባ ነው የተመዘገበው!»

«ስህተት ነው። እኔ ነኝ የፈረምኩት። አሁን ዘጠኝ ከሠላሳ ሁለት ነው።»

«በምን ለካችሁት?»

ኃላፊው ዓይኑን ጨፈነ። «በልብስ ሰፊ ሜትር።»

ከዚያ አለቃው ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ፤ ይሰማል። «የታችኛው በር ጉዳይ... በደንቡ አንቀጽ... የተረኛው ኃላፊ ውሳኔ ነው። ቦታው ላይ ያለኸው አንተ ነህ። እኛ እንደግፍሃለን።» ስልኩ ተዘጋ። እንደግፍሃለን ያለው በምን እንደሆነ አልተናገረም።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራው። አንደኛ ጊዜ የተሳሳተ መሰለው፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሳሳት ተመኘ። ሦስቱ የላይ በሮች ብቻቸውን ከሆኑ፣ ከላይ የዘነበው ገና እየወረደ ስለሆነ ከወንዙ የሚገባው ውኃ ይበልጣቸዋል፤ ሐይቁ እስከ ነገ ቀትር እየጨመረ አሥር ሜትር ከአሥር ይደርስና ከዚያ ይጎድላል። ለግድቡ አያሰጋውም። ለታችኛው ረድፍ ግን ዝቅ ያሉት መስኮቶቻቸው ድረስ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ቤት። ሰዉ ወደ ኮረብታው ትምህርት ቤት ለመውጣት ጊዜ አለው፤ ነፍስ አይጠፋም። ቤቶቹ ግን የሸክላና የጭቃ ናቸው፤ አንድ ቀን ግድግዳቸው ውኃ ውስጥ ከዋለ አይቆሙም። ያኛው አሁኑኑ ተከፍቶ እስከ ነገ ቀትር ክፍት ከዋለ ደግሞ ሐይቁ ዘጠኝ ከሃምሳ ላይ ይቆማል። ግቢው ይረጥባል፣ ወለሉ ይተርፋል።

የአማቱ ቤት ከረድፉ የመጀመሪያው ነው።

ሚስቱ ጋ ደወለ። ታች ባለው ከተማ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት። እየሰማችው ሳለ አንድ የመስታወት ነገር ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ሰማ።

«እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ስትል የነበረው እውነት ነው?» አለች። «እኔ እኮ ትናንት ማታ "እማዬ፣ በቃሽ፣ አባዬን አታሳፍሪው" አልኳት።»

«ሁላችንም ነን ያልናት። አሁን ንገሪኝ፤ ያኛውን ብከፍተው ምን ይሆናል?»

ድምፅዋ ተለወጠ፤ የሥራ ድምፅ ሆነ። «ያኔ ለሃያ ደቂቃ ተከፍቶ አሥራ አንድ ቀን ነው የፈጀብን። አንተ ለስንት ሰዓት ነው?»

«ለሃያ ስምንት።»

«ሃያ ስምንት ደቂቃ?»

«ሰዓት።»

«ከወንዙ የምንስብበትን መውሰጃ እዘጋለሁ፤» አለች። «ታንከሩ ውስጥ የአሥራ አምስት ሰዓት ውኃ አለኝ። ከዚያ በኋላ የለኝም። ሆስፒታሉም የሚጠጣው ከእኔ ነው። ቧንቧው ከደረቀ ሰዉ ወንዙ ይወርዳል፤ ያኔም ወርዷል፤ "አትጠጡ" ስንል እየሰማ ወርዷል። ለስንት ወር እንደሚሆን መገመት አልችልም፤ ዘንድሮ ዝቃጩ ውስጥ ያገኘሁት መርዛማ ብረት ከያኔው እጥፍ ነው።»

ውኃ ለኪው ከጥጉ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። ጎንበስ አለና፣ ኃላፊው በስምንት ዓመት አማችነት ሰምቶት በማያውቀው ትንሽ ድምፅ፣ «አንድ ስንዝር ብቻ ብትከፍተውስ?» አለ።

«አባዬ፣» አለች ልጁ ከስልኩ ውስጥ፣ «ደለሉ አንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ከጀመረ ስንዝር አያውቅም።»

«እህ።» የጠዋቱ ዓይነት «እህ» አልነበረም። ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። «በጭንቅላቴ ነው የተሸከምኩት፤ የቤቱን እንጨት። ከጣውላ መሰንጠቂያው እስከዚያ ድረስ። መኪና አልነበረም ያኔ።» ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አለ ኃላፊው ለሚስቱ።

«አትጠይቀኝ።»

«የእናትሽ ቤት ነው።»

«የማን ቤት እንደሆነ አውቃለሁ! እዚያ ነው የተወለድኩት። የቁመቴ ምልክት በሩ መቃን ላይ አለ። ቁጥሩን ጠየቅከኝ፣ ቁጥሩን ነገርኩህ። ልጅነቴን አትጠይቀኝ።» አፍንጫዋን ሳበች። «ስልኩን አልዘጋም። ዝም ብዬ እሰማለሁ።»

ሞተረኛው እጁን ከአራተኛው አዝራር በላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። አዝራሩ ቀይ ክዳን አለው፤ ክዳኑን ከፍቶታል፤ መቼ እንደከፈተው ራሱም ያወቀ አይመስልም። «አለቃ፣» አለ፣ «በሉ አንዱን በሉኝ። ዝም አትበሉኝ።» ስድስት ዓመት «አንተ» ሲለው የኖረ ሰው ነበር።

ኃላፊው የሁለቱን ወገን ሊመዝን ሞከረ፤ ልማዱ ነው። እዚህ ሠላሳ አንድ ቤት፣ ለሦስት ቀን እውነቱን የተናገሩ፣ «ቦያችሁን ጥረጉ» የተባሉ ሰዎች። እዚያ አንድም ነገር ያልሰማ፣ አንድም ነገር ያላጠፋ፣ አሁን ጠዋት ቧንቧ ከፍቶ ልጁን ፊቱን የሚያጥብ ከተማ። ጥፋቱ ከሁለቱም አልነበረም። ጥፋቱ እዚህች ክፍል ውስጥ ነበር፤ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሌላው ስልኩን ይዟል። የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። ይህ ሲገባው እንኳን ሚዛን፣ መቆሚያም ያጣ መሰለው።

ሁለተኛው ስልክ ጮኸ። ማን እንደሆነች ሁሉም አውቀዋል። ኃላፊው አነሣው።

ከወዲያ ብዙ ድምፅ አለ፤ ጎረቤቶች፣ ዶሮ፣ የሚጎተት ከባድ ነገር፣ «ምን አሉሽ? ምን አሉሽ?» የሚሉ ሰዎች። «ዝም በሉ እስቲ!» አለቻቸው። ከዚያ ለእሱ፣ በረጋ ድምፅ፦

«ሳይረኑን ሰማነው። ወንዶቹ የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛ ላይ እናውጣው ወይስ ኮረብታው እናድርሰው ይላሉ። እኔም አልመለስኩላቸውም። ሜትሩ ዘጠና ስድስት ሆኗል። ልጄ፣ ንገረኝ። ክፉም ይሁን ደግ ንገረኝ። ሦስት ቀን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።»

ውኃ ለኪው ከወንበሩ ተነሣ። ስልኩን እንዲሰጠው እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ምን እንደሚላት የጠፋው ይመስል እጁን መልሶ ደረቱ ላይ አደረገው። በሌላው ስልክ የልጁ ትንፋሽ ይሰማል።

ኃላፊው እጁን ዘርግቶ የሞተረኛውን ክንድ ያዘና ቀስ አድርጎ ከአዝራሩ ላይ አነሣው።

«እማማ፣» አለ፣ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እርስዎ ትክክል ነበሩ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን። ሦስቱን በሮች ከፍቻለሁ። ያኛውን ግን አልከፍተውም፤ ታች ያለውን ከተማ ይመርዛል። ውኃው ቤትዎ ይገባል፣ መስኮቱ ድረስ ይደርሳል። የስፌት መኪናውን ኮረብታው ያድርሱት፤ የረድፉን ሰው ሁሉ አሁኑኑ ያስወጡልኝ፤ እኔን አያምኑኝም፣ እርስዎን ያምናሉ።»